በቅቤ የሚወሰደው ዱቄት

እናቴ ለስግደት ጎንበስ ብላ ሳትነሳ የቀረችው በዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ ጎባ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ በምታስቀድስበት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ። አጠገቧ የነበሩት ሴቶች ረጅም ጸሎት ይዛለች ብለው ተዋት። አንዷ በኋላ እንደነገረችኝ እንዲያውም ቀንታባት ነበር፤ ያን ሁሉ ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጣ የምታስቀድስ ሴት ግንባሯን መሬት አስነክታ መቆየቷ ደንቋት። ካህኑ መስቀል ሊያሳልሟት መጥተው ቀና ሳትል ስትቀር ነው ሰው የተደናገጠው።

እኔ ሮቤ ነበርኩ። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝ፤ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ነበር። ምን እያስተማርኩ እንደነበር ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን መናገር አለብኝ። በየዓመቱ ተማሪዎቼን ቤተ ሙከራ ከማስገባቴ በፊት የምለውን ነገር እያልኩ ነበር፦ ውስጡ ምን እንዳለ የማታውቁትን ነገር አትቅመሱ፣ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አታሽትቱ፣ ለጓደኛችሁም አታቀብሉ። ሦስቱም በእናቴ ቤት ተሽረው እንደነበር ያን ቀን ገና አላወቅኩም።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገር።

የእናቴ ሕመም የመገጣጠሚያ ነው። ሐኪሞቹ ረጅም ስም ሰጥተውታል፤ እሷ ግን ቁርጥማት ነው የምትለው። የጀመራት ከጣቶቿ ነው። ጠዋት ስትነሳ እጇ እንደተጨበጠ ይቀርና ፀሐዩ ሞቅ እስኪል አይፈታም። ቀጥሎ ጉልበቷ አበጠ። ጎባ ደግሞ ለዚህ በሽታ ደግ ከተማ አይደለችም፤ ከሳነቴ ተራራ የሚወርደው ብርድ አጥንት ውስጥ ገብቶ ቤት ይከራያል። የበሯን ቁልፍ ማዞር፣ ክዳን መክፈት፣ ነጠላዋን ማጣፋት አቃታት። እሷን ያንገበገባት ግን ይሄ አልነበረም። ያንገበገባት ስግደቱ ነው። በሰሙነ ሕማማት ሰው ሁሉ ሲወድቅ ሲነሳ እሷ የእንጨት ወንበር ላይ ሆና አንገቷን ብቻ ትነቀንቃለች። “እንደ ባለሥልጣን ተቀምጬ” ትለኝ ነበር፤ እየሳቀች ትጀምረውና ሳትጨርሰው ፊቷን ታዞራለች።

ከሆስፒታል የተሰጣትን ኪኒን ጨጓራዬን ላጠው ብላ ተወችው። ከዚያ ወዲያ ቤቷ ለመካሪ ተከፈተ። እኛ ጋ የታመመ ሰው ቤት ዝም ብሎ የሚገባ የለም፤ ወይ ብርቱካን ይይዛል ወይ መድኃኒት ያዛል። አንዱ ከደሎ መና የመጣ ጥቁር ማር በዝንጅብልና በጥቁር አዝሙድ ተለውሶ በባዶ ሆዷ እንድትልስ አዘዘ። ላሰች፣ ጣፈጣት፣ ጣቶቿ ግን እንደነበሩ ናቸው። ሌላዋ ፌጦ በሎሚ ለውሳ አሸቻት። ዋግምት የሚያግም ሰውዬ መጥቶ ጀርባዋን ክብ ክብ አድርጎላት ሄደ። የዘንዶ ሞራ ነው ተብሎ በጠርሙስ የመጣ ነገርም ነበር፤ አሽትቼ የበግ ነው ብል ተቆጡኝ፤ አንተ በመጽሐፍ የተማርከውን ብቻ ነው የምታምነው ተባልኩ።

ከሁሉም የማይረሳኝ ሳማው ነው። እሱን ያመጡት ጎረቤታችን ናቸው። እኚህ ሴት የጊኒር ሰው ናቸው፤ ለጎባ ሰው ተድረው መጥተው ከእናቴ ጋር በአንድ አጥር ሲኖሩ አርባ ዓመት ሊሞላቸው ነው። እኔ አዴ፣ እናት እንደማለት፣ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይሉኛል። በሁለቱ ግቢ መሀል ባለው አጥር ላይ ሰው የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለ፤ አባቴ በሕይወት እያለ ሊደፍነው ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴም አፍርሰውበታል። እናቴ ኦሮምኛን ከአዴ ተማረች፣ አዴ አማርኛን ከእናቴ፤ ስለዚህ ሁለቱ ሲያወሩ ከነሱ በቀር ማንም የማይችለው ቋንቋ ነው የሚወጣው። አዴም ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በከዘራ ነው የሚሄዱት። በዚያ ላይ ስኳር አለባቸው።

እና አንድ ቀን ከጓሮ እርጥብ ሳማ በጨርቅ ይዘው መጡና የእናቴን ጉልበት ቸብ ቸብ አደረጉት። ጩኸቷ እስከ አስፋልቱ ተሰማ አሉ። ጉልበቷ ቀልቶ ተንደርክኮ፣ እንባዋን እየጠረገች፣ “ቢያንስ ማሳከኩ ቁርጥማቱን አስረሳኝ” አለች። አዴ እየሳቁ ቀሚሳቸውን ገለጡና በተረፈው ሳማ የራሳቸውን ጉልበት መቱ።

ከዚህ ሁሉ መሀል በእርግጥ የሚያሳርፋት አንድ ነገር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ለብ ባለ የጨው ውሃ ውስጥ እጇን ነክራ ቀስ እያለች ጣቶቿን መክፈትና መዝጋት። ግን ለብ ያለ ውሃ ማን መድኃኒት ይለዋል? የማይመር፣ የማይሸት፣ ከሩቅ ያልመጣ ነገር እኛ ዘንድ ክብር የለውም። እኔም ሌላ ፈለግኩ።

የዱቄቱን ወሬ ያመጣልኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አጎቱ ጎሮ ከተማ ወዳለ መድኃኒተኛ በከዘራ ሄዶ ከዘራውን ጥሎ ተመለሰ አለኝ። በገበያ ቀን ጎሮ ወረድኩ። መድኃኒተኛው እኔ በሐሳቤ እንደሣልኩት አልነበረም፤ ቡትቶ የለበሰ፣ አጥንት ያንጠለጠለ ሰው ነበር የጠበቅኩት። ንጹህ ኮት ለብሷል፣ ጥፍሩ ተቆርጧል፣ አነጋገሩ ለስላሳ ነው። ሥራዬን ጠየቀኝ። አስተማሪ ነኝ ስለው ደስ አለው።

“እንግዲያው ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም” አለ። “ሥርና ቅጠል ነው። የፋብሪካ ነገር የለበትም።”

ሕጉን ነገረኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ትንሽ ማንኪያ፣ በለጋ ቅቤ ተለውሶ። በሌላ በምንም አይሆንም፣ በቅቤ ብቻ። ደግሞ ለማንም አይነገርም፤ ለጎረቤትም፣ በተለይ ለሐኪም። ከተነገረ ይረክሳል። ይህን ስሰማ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኩም። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይረክሳል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ሥሩን የሚያውቅ ሰው ለልጁ እንኳ የሚናገረው ሊሞት ሲል ነው። ዱቄቱን አፍንጫዬ ላይ አስጠግቼ አሸተትኩት። ዝንጅብል ይሸታል፣ አብሽ ይሸታል። ጥሩ ነው አልኩና ይዤ ተመለስኩ። አሥራ ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ ሰው በአፍንጫዬ መረመርኩት!

በአራተኛው ቀን እናቴ ደወለች።

“ቁልፉን ራሴ አዞርኩት!”

“የቱን ቁልፍ?”

“የበሩን ነዋ! ቆልፌ ከፈትኩት፣ ደግሜ ቆልፌ ከፈትኩት። አዴም አይታለች፣ ጠይቃት።”

ተቀምጬ አለቀስኩ። በሳምንቱ ነጠላዋን ራሷ አጥባ አሰጣች። በወሩ ከወንበር ስትነሳ እጇን ምንም ላይ አታስደግፍም። ፊቷ ሞላ፣ ጉንጯ ክብ ሆነ፣ ቀላ አለች። የጎባ ሰው መንገድ ላይ እያቆመ አማረብሽ፣ ወፈርሽ፣ ልጅሽ ምን እያበላሽ ነው ይላታል። እኛ ዘንድ መወፈር የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ፎቶ አንስቼ መምህራን ክፍል ውስጥ አዞርኩት። ክንዷ ነገር ነካ ባደረገው ቁጥር ሲበልዝ አይቻለሁ፤ ጠረጴዛ ገጭቶኝ ነው አለችኝ፣ አመንኳት። ከማጅራቷ ሥር ሥጋ ሲቆለል አይቻለሁ፤ ምቾት ነው አልን፣ ሳቅን።

ያን ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። እኔ ደግሞ አርቆ አሳቢ ልሁን ብዬ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ጎሮ ወርጄ፣ እስከ ፋሲካ የሚበቃ ዱቄት በትልቅ የወተት ቆርቆሮ አስሞልቼ አመጣሁላት። የቅበላ ዕለት ቆርቆሮውን አገላብጣ አየችና መልሳ አስቀመጠችው።

“ምነው?”

“ቅቤ ነው እኮ።”

እውነቷን ነው፣ አላሰብኩበትም። በማር ውሰጂው አልኳት። በዘይት አልኳት። ሰውየው ቅቤ ብቻ ብሏል፣ በሌላ ከሆነ ይበላሻል አለች። ታዲያ የነፍስ አባትሽ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ፣ ጠይቂያቸው ብላት ሳቀችብኝ።

“እኔ እኮ ድኛለሁ። የዳነ ሰው በምን ምክንያት ይገድፋል? ዘንድሮ ሰግጄ ነው የምጾመው።”

እኔም እንዲህ አልኩ፤ አንድም ቃል አልቀይርም፦ “እንግዲያው ተዪው እማ። የተፈጥሮ ነገር ነው፣ ለሁለት ወር ቢቋረጥ ምን ይጎዳሻል?”

የተቀባባ ንግግር አይደለም፣ ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያች ቀን በኋላ ያን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ በጆሮዬ እንደሰማሁት እኔ ነኝ የማውቀው።

ከሮቤ ጎባ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ያን ቀን ግን መንገዱ አላልቅ አለኝ። ስደርስ እናቴ ድንገተኛ ክፍል ተኝታ ጉሉኮስ ተተክሎላታል። ከንፈሯ አመድ መስሏል፤ ስጠራት ዓይኗን ከፍታ መልሳ ትከድነዋለች። ከሦስት ቀን ጀምሮ ያስመልሳትና ያዞራት እንደነበር ለማንም አልተናገረችም፤ ጾም ነው ብላ። የያዘቻት ሐኪም ልጅ እግር ናት፣ ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፤ ፈገግታ የላትም፣ ዓይኗ ግን ሥራ አይፈታም።

“ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?” አለችኝ።

“ምንም።”

የእናቴን እጅጌ ሰብስባ ብልዙን አየች። ማጅራቷን ዳሰሰች። ከዚያ መታወቂያዋን ጠየቀችኝ። የመታወቂያው ፎቶ ላይ ያለችው ከሲታ፣ ጉንጯ የጎደጎደ ሴት ናት። ሐኪሟ ፎቶውን ከእናቴ ፊት አጠገብ ያዘችው።

“ይሄ ፊት ከመቼ ወዲህ ነው?”

“ድና እኮ ነው” አልኩ። “ወፍራ ነው።”

መታወቂያውን መለሰችልኝ። ለነርሷ አንድ መርፌ አዘዘች፤ በጉሉኮሱ መስመር ገባ። አልፎ አልፎ እየመጣች የደም ግፊቷን ትለካለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ እናቴ ዓይኗን ገልጣ “ጠማኝ” እስክትል ድረስ ስንት ሰዓት እንደሆነ አላውቅም። ያኔ ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

“የሚጠጣ፣ የሚቀባ፣ የባህልም ቢሆን፣ አንድ ነገር ትወስድ ነበር። ይነገረኝ።”

እናቴን አየኋት፤ አትናገር ብላ በዓይኗ ለመነችኝ። ይርከስ አልኩና ተናገርኩ። ዱቄቱን፣ ቅቤውን፣ ጾሙን። ሐኪሟ ስለ ጾሙ ስትሰማ ብዕሯን አስቀመጠች። እንዲህ ነው ያስረዳችኝ፦ ሰውነታችን በየቀኑ ለራሱ የሚሠራው፣ ከሌለ የማንቆምበት ነገር አለ። ያንኑ ነገር በኪኒን ለወራት ከውጭ ከሰጡት ሰውነት ሥራውን ያቆማል፤ ምን ቸገረኝ ይላል። ከዚያ ኪኒኑ በአንድ ቀን ሲቋረጥ የውጩም የለም፣ የውስጡም የለም። እናቴ መሬት ላይ የቀረችው ለዚህ ነው።

“ግን ኪኒን አይደለም” አልኳት። “ሥር ነው።”

“ያምጡልኝ” አለች።

እናቴ ቤት ሄጄ ቆርቆሮውን ፈለግኩ። የለም። መደርደሪያው ላይ በወረቀት የተከደነ አንድ ስኒ አገኘሁ፤ ከበፊቱ የተረፈ ዱቄት ነበረው። ያን ሁሉ የሞላሁት ቆርቆሮ የት ገባ ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፤ አእምሮዬ ሌላ ቦታ ነበር። ወንፊት አወረድኩ፣ ነጭ ሳህን መስኮቱ ሥር አስቀመጥኩ፣ ዱቄቱን ነፋሁት። ቡናማው አለፈ። ወንፊቱ ላይ የሥር ስንጥርና ጥቃቅን ነጫጭ ፍርፋሪ ቀረ። ከፍርፋሪው መሀል አንዷ በደንብ አልደቀቀችም፤ ግማሽ ክብ ናት፣ ከጠርዟ ልስልስ ያለች። ወደ ብርሃኑ አስጠግቼ ሳያት መሀሏ ላይ የመስበሪያ መስመር አላት፣ ከመስመሩ አጠገብ ደግሞ የአንድ የላቲን ፊደል ግማሽ።

ክው አልኩ። እዚያው የእናቴ ወጥ ቤት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሥር መስመር የለውም። ቅጠል ላይ ፊደል አይታተምም። አንድ ሰው ተቀምጦ ይህን ኪኒን ወቅጦ፣ ዝንጅብልና አብሽ ደባልቆ፣ ኮቱን ለብሶ፣ ጥፍሩን ቆርጦ፣ ለእርስዎ ማስረዳት አያስፈልገኝም ብሎኛል። የወቀጠ ቀን ቸኩሎ ባይሆን ኖሮ እስከ ዛሬ ሥር ነው እያልኩ እከራከር ነበር።

ለሐኪሟ አሳየኋት። አልገረማትም፤ የኔን ያህል የደነገጠ ሰው ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ኪኒኑ ክፉ አይደለም፣ እኛም እናዝዘዋለን፣ ግን በልክ፣ በክትትል፣ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው አለች። ከዚያ እናቴ እየሰማች ጠየቀች፦

“ሌላ የሚወስደው ሰው አለ?”

“የለም” አልኩ፤ ፈጥኜ፣ ተማምኜ። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደክሟት ነው ብዬ ብርድ ልብሷን ሳብ አደረግኩላት።

ያን ቀን ከሰዓት አዴ ሊጠይቋት መጡ። ያለ ከዘራ ነበር የመጡት። ቀጥ ብለው በሩን አልፈው ሲገቡ እሰይ አልኩ፤ ቢያንስ አንዳቸው ተሽሏቸዋል ብዬ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

“ዘንድሮ ጾሙ ጠናብኝ ኢልማ ኮ” አሉኝ። “ውሃ ውሃ ይለኛል። ፍጥር ላይ ስንት ጆግ እንደምጠጣ ብታይ፣ ወላሂ ግመል ትለኛለህ።”

እናቴ አልሳቀችም። አዴ በተቀመጡባት ጥቂት ጊዜ ውስጥ ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤቱ ወዴት ነው አሉኝ። ሦስቱንም ጊዜ አሳየኋቸው። የጠማው ሁሉ ጾመኛ በሆነበት ወር ጥማትን ማን ይጠረጥራል? እኔም አልጠረጠርኩም።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ ቀና ብላ አጥሚት መጠጣት ጀመረች። ግማሿን ኪኒን በወረቀት ጠቅልዬ ይዤያት ነበርና መዳፏ ላይ አስቀመጥኩላት። አገላብጣ አየቻት፤ መስመሯን በጥፍሯ ዳሰሰችው።

“ኪኒን ነው?”

“ኪኒን ነው እማ።”

“ሥር የለበትም?”

“አለበት። ሥራውን የሠራው ግን ይሄ ነው።”

ግማሿን ኪኒን መለሰችልኝ። ከዚያ፣ እኔን ሳታይ፣ “ስኳር ያለበት ሰው ቢወስደውስ?” አለች።

አጥሚቱን ከእጇ ተቀበልኳት። ለካ የቅበላ ዕለት፣ እኔ ወደ ሮቤ ስመለስ፣ ቆርቆሮውን በአጥሩ ቀዳዳ ለአዴ አቀብላ ነበር። ከሚበላሽ፣ አንቺ ማታ ማታ ቅቤ ትበዪ የለ፣ አንቺ ዳኚበት ብላ። እንዳይረክስ ለማንም ላይናገሩ ሁለቱም ማሉ። አንዷ በማርያም፣ አንዷ በአላህ። ትናንት ሐኪሟ ስትጠይቅ ፊቷን ያዞረችው መሐላዋን ይዛ ነው።

ስልካቸውን ደወልኩ፣ አይነሳም። ለሐኪሟ ነግሬ በባጃጅ በረርኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሴት ልጃቸው ናት፤ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አሰኘችኝ።

“ተኝታለች። ጾሙ አድክሟት ሱሁርም አልተነሳችም። ትረፍ ብዬ ነው።”

ገፍቻት ገባሁ። አዴ በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ሩቅ የሮጠ ሰው የሚመስል ትንፋሽ ይተነፍሳሉ። አዴ አልኳቸው። አዴ፣ እኔ ነኝ። ዓይናቸው ግማሽ ክፍት ነው፣ አያየኝም። ከራስጌያቸው የወተት ቆርቆሮው ተቀምጧል፣ አጠገቡ ቅቤ የቀባት ማንኪያ። ክዳኑን ሳነሳው ወደ ግማሽ ወርዷል። ቶሎ እንዲያድናቸው ማታ በፍጥር አንድ፣ ሊነጋ ሲል በሱሁር አንድ ሲወስዱ ነበር የከረሙት። ከዘራቸውን ጥለው የመጡትም፣ ውሃ ውሃ ያላቸውም፣ ሦስት ጊዜ መጸዳጃ ቤት ያሳየኋቸውም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ገባኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ደንግጬ አላውቅም፤ እናቴ ወደቀች ሲሉኝም እንደዚያ አልደነገጥኩም።

እኔና ልጃቸው ተሸክመን አስገባናቸው። ነርሷ ጣታቸውን ወግታ ደሙን ስኳር መለኪያው ላይ ስታደርገው መሣሪያው ቁጥር አልሰጠም፤ ከልኬ በላይ ነው የሚል ምልክት ብቻ አሳየ፤ ኪኒኑ የደም ስኳርን ሽቅብ ይነዳል አለችን ሐኪሟ። ሁለት ቀን አልነቁም። በነዚያ ሁለት ቀናት እናቴ ከአልጋዋ ወርዳ፣ ጉሉኮሷን ራሷ ይዛ፣ አዴ የተኙበት ክፍል በር ላይ ትቆም ነበር። ወደ ውስጥ አትገባም። ነይ እንግባ ስላት “በምን ዓይኔ” ትለኛለች። በሦስተኛው ቀን አዴ ነቅተው በመጀመሪያ የተናገሩት በኦሮምኛ ነው፤ ማን እንዳለ ጠየቁ። እናቴ በሩ ላይ ሆና ስሟን ተናገረችና የያዘችው እንባ አመለጣት።

በቀጣዩ የገበያ ቀን ጎሮ ወረድኩ። ለጤና ቢሮውም ለፖሊስም አመልክቼ ነበር፤ ግን በዓይኔ ላየው ፈልጌ ነው። ምን እንደምለው መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ነበር። ቦታው ባዶ ነው። ባዶ ያልኩት ከሱ ነው እንጂ ሰውስ ሞልቷል። ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ባዶ ቆርቆሯቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። “አንተም እየጠበቅከው ነው?” አለችኝ አንዷ። ግማሿን ኪኒን ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋቸው። ውስጡ ምን እንዳለ፣ እናቴ ምን እንደሆነች፣ ጎረቤቴ ምን እንደሆኑ ተናገርኩ። በድንገት እንዳታቋርጡት፣ ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ አልኩ። ሁለት ሦስት ሰው ተነሳ። የቀሩት ከቦታቸው አልተነቃነቁም። አንድ ጣቶቻቸው እንደ ዝንጅብል የተጣመሙ አባት ቀና ብለው አዩኝ።

“ቁርጥማት ይዞህ ያውቃል?” አሉኝ።

“አያውቅም አባቴ።”

“እህ” አሉና ወደ መንገዱ ማየታቸውን ቀጠሉ።

ፋሲካ አለፈ። እናቴ ሕማማትን ወንበሯ ላይ ሆና ነው የሰነበተችው። ኪኒኑን አሁን ከሐኪሟ እጅ ነው የምትቀበለው፤ በየጊዜው እየተቀነሰ፣ ከሌላ የቁርጥማት መድኃኒት ጋር። ፊቷ ወደ መታወቂያው ፎቶ እየተመለሰ ነው። ጣቶቿም ተመለሱ፤ እንደ ድሮው ባይሆንም ያብጣሉ፣ ጠዋት ጠዋት ይታሰራሉ። አዴም ከዘራቸውን ይዘዋል። ሐኪሟ ስለ ለብ ያለው የጨው ውሃ ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ይሄኛውን አታቁሙት፣ ጨርቅም ውሃው ውስጥ እየጨመቁ ጣታቸውን ያሠሩ አለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስሄድ ሁለቱም ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ናቸው። በመሀላቸው አንድ ሳፋ፣ ሳፋው ውስጥ አራት እጅ። ጨርቁን ተራ በተራ ይጨምቃሉ። ደስ አለኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ ይኸው የእውነተኛው የተፈጥሮ መድኃኒት ብዬ ቀለድኩባቸው። አልሳቁም። አዴ እናቴን አዩ፣ እናቴ ውሃውን አየች።

“ኢልማ ኮ” አሉኝ አዴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ያ ቆርቆሮ… ሁሉንም ደፋኸው?”

ተርፎ ይሆን ብለው የሰጉ መሰለኝ። “ሁሉንም” አልኩ። “መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ፣ አራግፌ። ስኒውንም ጭምር።”

አዴ ጨርቁን ሳፋው ውስጥ ለቀቁት። እናቴ እጇን ከውሃው አወጣችና ጣቶቿን አንድ በአንድ ልትዘረጋ ሞከረች።

“ትንሽ እንኳ አላስቀረህም?” አለች።

አንዷ ሰግዳ ሳትነሳ የቀረች፣ ሌላዋ በሰው እጅ ከቤቷ የወጣች፤ ሁለቱም ፊቴን እያዩ መልስ ይጠብቃሉ።

“ለስግደቱ ብቻ ነበር” አለች እናቴ፣ እጇን መልሳ ውሃው ውስጥ እየከተተች። “ለከርሞ ሕማማት ብቻ።”